የኮኮናት ቀዝቃዛ ቡና በቤት፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

የዛሬው ርእሳችን ከኮኮናት ወተት ጋር የሚዘጋጅ ቀዝቃዛ ቡና ነው። በስልክ ከገቡት ጥያቄዎች የተመረጡትን ከነመልሳቸው እነሆ።

አድማጭ ከአዲስ አበባ፦ የቆርቆሮ የኮኮናት ወተት ገዝቼ ከቡናና ከበረዶ ጋር ብሌንደር ውስጥ ስፈጨው ከላይ ነጭ ፍርፋሪ ይንሳፈፋል፣ ላንቃ ላይም ይለጠፋል። ወተቱ የተበላሸ ይሆን?

መልስ፦ አልተበላሸም፤ የፈረፈረው ስቡ ነው። የኮኮናት ስብ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀልጣል፣ ከዚያ ሲቀዘቅዝ ይጠጥራል። ስቡ ያልተቀነሰበት የቆርቆሮ ወተት አብዛኛውን ጊዜ ከ17 እስከ 22 በመቶ ስብ አለው፤ ቆርቆሮው ተቀምጦ ሲቆይ ስቡ ከላይ ይረጋል፣ ውሃው ከታች ይቀራል። ይህን የረጋ ስብ ከበረዶ ጋር ሲፈጩት ብሌንደሩ ይንጠዋል። እርስዎ ክሬም ሲጠብቁ የሚወጣልዎት ቅባት ነው።

መፍትሔው ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው፤ ስቡ በለብታው ይደባለቅ፣ በረዶው መጨረሻ ይምጣ። ቆርቆሮውን ሳይከፍቱ ሙቅ ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ ያስቀምጡት (እሳት ላይ አይጣዱት)፣ ከዚያ በደንብ ነቅንቀው ይክፈቱት። 400 ሚሊ ሊትር ለሚይዝ አንድ ረጅም ብርጭቆ 80 ሚሊ ሊትር ወተት፣ 20 ሚሊ ሊትር የስኳር ውሃና አንድ ቁንጥር ጨው ለ30 ሰከንድ ይምቱ። 120 ሚሊ ሊትር ወፍራም ቡና ጨምረው 10 ሰከንድ ይድገሙት። ቡናው ከፍሪጅ በቀጥታ የወጣ ሳይሆን የክፍሉን ሙቀት የያዘ ይሁን። ብርጭቆው ውስጥ 150 ግራም ያህል በረዶ፣ ማለትም ስድስት ወይም ሰባት ትልልቅ ፍሬ አድርገው ከላይ ያፍስሱበት። ስቡ አስቀድሞ በጣም ደቃቅ ጠብታ ስለሆነ ቢቀዘቅዝም አፍ ላይ አይታወቅም።

የስኳር ውሃ ያልኩት 200 ግራም ስኳር በ200 ሚሊ ሊትር ውሃ ሞቆ እስኪሟሟ ነው። ደረቅ ስኳር ቀዝቃዛ ቡና ውስጥ ሲጨመር ብርጭቆው ስር ይከማቻል። ጨዉ ደግሞ ለጨውነቱ አይደለም፤ የቡናውን ምሬት ያለዝባል።

አድማጭ ከሐዋሳ፦ የእኔ ደግሞ ፍርፋሪ አይደለም። ትኩስ ቡና ላይ ወተቱን ሳፈስ ወዲያው እንደ አይብ ይቆራረጣል።

መልስ፦ ይሄኛው ሌላ ችግር ነው፤ ከስቡ ይልቅ ፕሮቲኑን ይመለከታል። ቡና አሲድነት አለው፤ አሲድና ከፍተኛ ሙቀት ሲገናኙ በኮኮናት ወተት ውስጥ ያለው ፕሮቲን ይሰበሰባል፣ ስቡንም ይዞ ከውሃው ይለያል። በቤት የተጨመቀ ወተት ላይ ይብሳል፤ ምክንያቱም የፋብሪካው ብዙ ጊዜ ጉዋር ገም የመሰለ ማያያዣ ይጨመርበታል።

ሦስት ነገር ይሞክሩ። ቡናው ለብ እስኪል ይቆይ። ወተቱን ቡናው ላይ ከማፍሰስ ይልቅ ቡናውን ወተቱ ላይ በቀጭኑ እያፈሰሱ ያማስሉ። ሦስተኛውና ዋናው የቡናው ዓይነት ነው። ፈዘዝ ብሎ የተቆላ የታጠበ ይርጋጨፌ የሎሚና የአበባ ጠረኑ ደስ የሚል ቢሆንም ከኮኮናት ጋር ይጣላል፤ ያንን ቡና ያለ ወተት ቢጠጡት ይሻላል። ለዚህ ሥራ ያልታጠበ የሐረር ወይም የጅማ ቡና ጠቆር አድርገው ይቁሉ። ያለዎት ቡና ኮምጣጣው ብቻ ከሆነ በቢላ ጫፍ የምትነሣ ቤኪንግ ሶዳ ለግማሽ ሊትር ቡና ትበቃለች። ከዚያ ካለፈ የሳሙና ጣዕም ያመጣል።

አድማጭ ከደብረ ብርሃን፦ በጀበና የፈላ ቡና ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል፣ አቦሉ ብቻ። ቶናው በረዶ ሲነካው ውሃ ውሃ ይላል። 50 ግራም የተወቀጠ ቡና፣ ማለትም ስድስት ወይም ሰባት ሙሉ የሾርባ ማንኪያ፣ በ400 ሚሊ ሊትር ውሃ ያፍሉ። ጀበናውን ጋደም አድርገው አተላው እስኪዘቅጥ ይታገሡ፤ በቀስታ ቀድተው በሥሥ ነጭ ጨርቅ ያጥልሉት። ትንሽ አተላ ካመለጠ ለሲኒ ቡና ግድ የለውም፤ ከወተት ጋር ግን አፍ ላይ አሸዋ ይሆናል። ለሁለት ብርጭቆ ይበቃል፣ የተረፈውን በበረዶ መሥሪያ ውስጥ ያቀዝቅዙት። በውሃ በረዶ ፋንታ የቡና በረዶ ከተጠቀሙ መጠጡ ሲቀልጥም አይቀጥንም።

አድማጭ ከሪያድ፦ እዚህ ሙቀቱ ከባድ ነው፤ ምድጃ ሳልለኩስ ማዘጋጀት እችላለሁ?

መልስ፦ ዘፍዝፈው ያሳድሩት። 100 ግራም ሸካራ ተደርጎ የተፈጨ ቡና በ600 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ክዳን ባለው ማሰሮ ውስጥ ያድርጉ፣ አንዴ ያማስሉ፣ ፍሪጅ ያስገቡት። ማታ 1 ሰዓት የገባ ጠዋት 3 ሰዓት ይደርሳል። መጀመሪያ በወንፊት፣ ቀጥሎ በጨርቅ ያጥልሉ፤ ጨርቁን ግን አጥብቀው አይጭመቁት፣ መራራውን ያወጣዋል። ቡናው ከክብደቱ ሁለት እጥፍ ያህል ውሃ ስለሚይዝ የሚያገኙት 400 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። በቀዝቃዛ ውሃ የተዘፈዘፈ ቡና ኮምጣጣነቱ ስለሚለዝብ ከኮኮናት ጋር ከሁሉም ይበልጥ ይስማማል። ደቆ የተፈጨ ቡና ለዚህ አይሆንም፤ ጨርቁን ይደፍናል፣ መጠጡንም ያደፈርሳል።

አድማጭ ከባሕር ዳር፦ በጾም እንጠጣው ብለን ዱቄቱን ገዛን። የኮኮናት ከሆነ ጾም ነው አይደል?

መልስ፦ በጀርባው ያለውን ዝርዝር ሳያነቡ እንዲህ ማለት አይቻልም። ብዙ የኮኮናት ወተት ዱቄቶች ውሃ ውስጥ በቀላሉ እንዲሟሙ ሶዲየም ካዚኔት ይጨመርባቸዋል፤ ይህ ከላም ወተት የሚወጣ ፕሮቲን ነው። የቆርቆሮው ፈሳሽ ብዙ ጊዜ ኮኮናት፣ ውሃና ማያያዣ ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን ያንብቡት። በእስራኤል ያላችሁ አድማጮች «ፓርቬ» የሚለውን ምልክት ፈልጉ፤ ወተትም ሥጋም የለበትም ማለት ነው።

አድማጭ ከድሬዳዋ፦ ከፍሬው ራሱ ወተት ማውጣት ብፈልግስ?

መልስ፦ ሲነቀንቁት ውሃው የሚሰማ፣ ሦስቱ ዓይኖቹ ደረቅና ያልሻገቱ ፍሬ ይምረጡ። ለስላሳውን ዓይን በስተው ውሃውን ያውጡ፤ እሱ ለብቻው ይጠጣል እንጂ ወተት አይደለም። ወገቡን ዙሪያውን በመዶሻ እየመቱ ይሰንጥቁት፣ ቡናማውን ልጣጭ ይላጡ፤ ካልተላጠ ወተቱ ይጠቁራል። 300 ግራም ነጩን ከፈገፈጉ በኋላ ከ400 ሚሊ ሊትር ሙቅ ውሃ ጋር አንድ ደቂቃ ይፍጩና በጨርቅ አጥብቀው ይጭመቁ። ውሃው የሚፈላ አይሁን፣ ብሌንደሩንም ከግማሽ በላይ አይሙሉት፤ እንፋሎቱ ክዳኑን ያስፈነጥረዋል። ሁለተኛው ጭማቂ ቀጭን ስለሆነ ለሩዝ ያውሉት።

ፍሬው ከጠፋ ስኳር ያልተጨመረበት ደርቆ የተፈገፈገ ኮኮናት አለ፦ 100 ግራም በ400 ሚሊ ሊትር ሙቅ ውሃ 15 ደቂቃ ዘፍዝፎ መፍጨት። ቀጠን ይላል፣ ግን ይሠራል።

አድማጭ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ የቬትናም ካፌ ውስጥ እንደ በረዶ ሆኖ የተፈጨ የኮኮናት ቡና ጠጣሁ። እነሱ በረዶውን ብሌንደር ውስጥ አይደል የሚጨምሩት?

መልስ፦ አዎ፣ የእነሱ አሠራር ሌላ ነው። 100 ሚሊ ሊትር የኮኮናት ወተት፣ 40 ሚሊ ሊትር የታመቀ ጣፋጭ ወተትና 200 ግራም በረዶ አንድ ላይ ይፈጫል፤ ከዚያ 60 ሚሊ ሊትር በጣም ወፍራም ቡና ይጨመራል። ስቡን የሚይዘው የታመቀው ወተት ስኳርና ፕሮቲን ነው፣ መጠጡም ሳይቆይ ይጠጣል። ቡናቸው በአብዛኛው ሮቡስታ ስለሆነ ምሬቱ ያን ሁሉ ስኳር ይችላል፤ በእኛ አረቢካ ከሠሩት የታመቀውን ወተት ወደ 25 ሚሊ ሊትር ይቀንሱ። ለጾም ደግሞ በታመቀው ወተት ፋንታ የሚገባውን ለመሥራት 400 ሚሊ ሊትር የኮኮናት ወተት ከ100 ግራም ስኳር ጋር በሰፊ ድስት፣ በዝግታ እሳት፣ ግማሽ እስኪሆን ከ30 እስከ 40 ደቂቃ እያማሰሉ ያብስሉ።

አድማጭ ከአዳማ፦ ኮሌስትሮል አለብኝ፤ ልጠጣ?

መልስ፦ በአንዱ ብርጭቆ ውስጥ ያለው 80 ሚሊ ሊትር ወተት ወደ 15 ግራም ስብ አለው፤ አብዛኛውም ሐኪሞች ቀንሱ የሚሉት ዓይነት ነው። የየቀን መጠጥ አያድርጉት፤ ሐኪምዎንም ይጠይቁ። በካርቶን የሚሸጠው ቀጭን የኮኮናት መጠጥ ስቡ በጣም ያነሰ ነው፤ ክሬምነቱም እንደዚያው ያንሳል።

አድማጭ ከመቀሌ፦ ለእንግዳ ቀድሜ ቀላቅዬ ባሳድረውስ?

መልስ፦ ለየብቻ ያሳድሩት። የተጣራው ቡና ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሳምንት፣ የስኳሩ ውሃ ከዚያም በላይ ይቆያል። የተከፈተ የቆርቆሮ ወተት በቆርቆሮው አይቀመጥ፤ ወደ ብርጭቆ ዕቃ ገልብጠው በሦስት ቀን ውስጥ ይጨርሱት፤ ቤት የተጨመቀውን በሁለት ቀን። ወተቱን በረዶ አድርጎ ማቆየትም አያዋጣም፤ ሲቀልጥ ውሃና ስብ ሆኖ ይለያያል። እንግዶቹ ሲደርሱ ወተቱን ለብ አድርገው ይምቱትና ቡናውን ይጨምሩ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።