በር ላይ የፈረምነው ወረቀት
(በደሴ መሀል ከተማ መልሶ ማልማት ላይ ለተሰበሰቡ ነዋሪዎች የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ የከተማችን አመራሮች፣ አባቶችና እናቶች፣ የእድር ዳኞች፣ በፒያሳና በአራዳ የምትነግዱ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

ፒያሳ መታደስ እንዳለበት ከማንም ጋር አልከራከርም። ወደዚህ መድረክ የመጣሁት ንድፉን አብረን እንሠራዋለን ወይስ ካለቀ በኋላ ይነገረናል የሚለውን ለመጠየቅ ነው።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበሩ። በፒያሳ አንዲት የቀበሌ ቤት በረንዳ ላይ በሲንጀር መኪናቸው ሰባት ልጆች አሳድገዋል። ዝናብ ሲመጣ ከገጠር የወጣው ገበያተኛ እዚያች በረንዳ ሥር ይጠለላል፤ እግረ መንገዱንም የተቀደደ ያስጠቅማል፣ የእህል ዋጋ ይጠይቃል፣ ለቅሶ ይሰማል። ጣሪያው ያፈስ እንደነበር አልክድም። ነገር ግን በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶች ከተወረሱ በኋላ፣ ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጡት በቀበሌ እጅ ሲገቡ፣ ኪራዩ ቆርቆሮ ለመቀየር እንኳ የማይበቃ፣ ተከራዩም የእኔ በማይለው ቤት ላይ ገንዘቡን ለማውጣት የሚሰጋ ሆነ። ቤቶቻችን ያረጁት በዚህ ነው እንጂ ነዋሪው ፍርስራሽ ወዶ አይደለም።

ከዓመታት በፊት ሰፈሩን ስለማልማት ስብሰባ ተጠራ። አባቴ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ሄዱ፤ በር ላይ ወረቀት ቀረበላቸውና ፈረሙ። ሲገቡ ያለቀ ንድፍ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ፣ በእሳቸው ቤት ቦታ የመኪና ማቆሚያ ተሥሎ አገኙት። እጃቸውን ቢያወጡ ሰዓት አልቋል ተባሉ። ቆይቶ የማፍረሻ ደብዳቤ መጣ፤ «ነዋሪዎች ተወያይተው በተስማሙት መሠረት» ይላል። አቤት ሲሉ የታየው ማስረጃ ያ በር ላይ የፈረሙት የተገኙ ሰዎች ዝርዝር ነበር። ቤቱ ፈረሰ፤ የመኪና ማቆሚያው ግን አልተሠራም። አባቴ ወደ ሸዋ በር መስጊድ በወጡ በገቡ ቁጥር የሚያዩት የቆርቆሮ አጥር ብቻ ሆነ።

የሰው መምጣቱን እንደ መስማማቱ የሚቆጥር የሰውን ቃል ሰርቋል! ዛሬ ጠዋት በር ላይ የፈረምነውም መምጣታችንን እንጂ መስማማታችንን አይመሰክርም! የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 የሕዝብ ተሳትፎን፣ ግልጽነትንና ተጠያቂነትን በመርሆነት አስፍሯል፤ ስለዚህ የምንጠይቀው ችሮታ አይደለም። ንጉሥ ሚካኤል በዚህች ከተማ ያሠሩት የግብር አዳራሽ አይጠየፍ የተባለው ድኻው ከመኳንንቱ ጋር ገብቶ ስለሚበላበት ነው። ለማዕድ ያልተጠየፈችን ደሴ ለምክር ልትጠየፈን አይገባም!

ስለ ቀረው ባጭሩ ልናገር። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ መንገዱን የሚያጥለቀልቀው ቦዩ ስለሚደፈን ነውና ከአስፋልቱ በፊት ቦዩ ይታሰብ። የጉልት ቸርቻሪ እናቶችም በንድፉ ላይ ቦታቸው ይመላከት።

የዚህ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ የተቃወመውን ሰው ቃል ጭምር ይዞ፣ ከመፈረሙ በፊት እዚሁ ይነበብልን። ንድፉም ከመጽደቁ በፊት በየቀበሌው ይለጠፍ። እስከዚያው ድረስ አንድም በረንዳ እንዳይነካ እጠይቃለሁ።

አላህ ያክብርልኝ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።