ትምህርት ቤት ለእነሱ ምን ነበር?

(በኤድመንተን፣ ካናዳ፣ ለሐበሻ ወላጆች የተደረገ ንግግር)

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት እንቅልፋችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ሌሊት ስትሠሩ ያደራችሁ ብታንቀላፉም አልቀየምም።

ልጆቻችን እዚህ ከተማ ከካናዳ ነባር ሕዝቦች፣ ከክሪ፣ ከዴኔና ከሜቲስ ልጆች ጋር በአንድ ክፍል ይማራሉ። በየዓመቱ በመስቀል ሰሞን፣ ሴፕቴምበር 30 ሲደርስ፣ ብርቱካናማ ቲሸርት ልበሱ ይባላሉ። ቲሸርቱን እንገዛለን። ለምን ሲባል ግን ብዙዎቻችን መልስ የለንም። አንዳንዶቻችን ደግሞ «እኛ ምን አገባን? እኛ ስንመጣ ሁሉ ነገር አልቆ ነበር» እንላለን።

አላለቀም ነበር። ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። መንግሥትና አብያተ ክርስቲያናት የነባር ሕዝቦችን ልጆች ከወላጅ ነጥለው ያስገቡባቸው የመጨረሻዎቹ አዳሪ ትምህርት ቤቶች የተዘጉት በ1990ዎቹ ነው። ያኔ ካናዳ የነበረ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ይኖራል። በእነዚያ ትምህርት ቤቶች ከ150 ሺህ በላይ የነባር ሕዝቦች ልጆች አልፈዋል። ከ1920 ጀምሮ ልጄን አልሰጥም ያለ ወላጅ በሕግ ይቀጣ ነበር። ልጁ እንደገባ ጸጉሩ ይቆረጣል፣ በቋንቋው ካወራ ይገረፋል። ብዙዎች ታመው እዚያው ቀሩ፣ ለወላጅ ሳይነገር የተቀበሩም አሉ።

ቲሸርቱ የመጣው ፊሊስ ዌብስታድ ከምትባል የነባር ሕዝቦች ተወላጅ ታሪክ ነው። በ1973፣ በስድስት ዓመቷ፣ አያቷ ለትምህርት መጀመሪያ ብለው ብርቱካናማ ሸሚዝ ገዙላት። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ወደሚገኘው አዳሪ ትምህርት ቤት በገባችበት ቀን ሸሚዙን አውልቀው ወሰዱባት። አልመለሱላትም። የአያት ስጦታ ምን እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ይህ ከተማ ያለበት መሬት የስድስተኛው ውል መሬት ነው። ውሉ በመንግሥትና በነባር ሕዝቦች መካከል የተፈረመው በ1876 ነው። ውሉ ላይ ትምህርት ቤት አለበት! እዚያው በየሰፈራቸው ትምህርት ቤት እንደሚኖር ቃል ተገብቶላቸዋል። የመጣላቸው ግን ልጅ የሚነጥቅ አዳሪ ቤት ሆነ። እነዚህ ሰዎች ትምህርት ጠልተው አያውቁም። ልክ እንደኛ ልጃቸው እንዲማርላቸው ፈልገው ነበር።

ደግሞ ሩቅ አይደለም። ወደ ሴንት አልበርት ስትነዱ ከአዳሪ ትምህርት ቤቶቹ አንዱ የነበረበት ቦታ አለ። አሁን እዚያ የሱስ ማገገሚያ ማዕከል ነው ያለው። በስተደቡብ በኩል ማስኳቺስ የሚባለው የክሪ ሕዝብ መኖሪያ አለ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን መሪ የነበሩት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ በ2022 መጥተው ይቅርታ የጠየቁት እዚያ ነው።

አሁን ወደኛ ልመለስ። ለእኛ ትምህርት ቤት መውጫ ነው። ራቁቱን ያደገው፣ በኩራዝ ያጠናው፣ ዛሬ እዚህ የደረሰው በትምህርት ነው። ስለዚህ የመምህርና የወላጅ ስብሰባ ላይ ያልመጣ ወላጅ ስናይ «ለልጁ ግድ የለውም» ብለን እንፈርዳለን። እኔም የወላጅ አገናኝ ሆኜ ስሠራ ይህን አባባል በሽ በሽ ሰምቼዋለሁ፣ ከእኛው ሰዎች።

አንዲት የክሪ አያት አሉ። የልጅ ልጃቸውን ሊወስዱ በየቀኑ ከደወሉ በፊት ይደርሳሉ። ግን ከመኪናቸው አይወርዱም። ክረምት ነው፣ ሠላሳ ከዜሮ በታች፣ ሞተሩን አስነስተው እዚያው ይቀመጣሉ። ግቡ ብላቸው «እዚሁ ይሻለኛል» ይላሉ። ኮሪደር፣ ደወል፣ የወለል ማጽጃ ሽታ፣ ለእሳቸው ሌላ ነገር ነው የሚያስታውሳቸው። በየቀኑ ቀድሞ የሚደርስ ሰው እንዴት ግድ የለውም ይባላል?

ሌላም አለ። እኛ ቤት «ልጁን ከተቆጣኸው ሶሻል ወርከር ይወስድብሃል» የሚል ፍርሃት አለ አይደል? ሲደወልልን ልባችን ድው ይላል። በ2021 ቆጠራ ከ15 ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት ውስጥ የነባር ሕዝቦች ልጆች 7.7 በመቶ ነበሩ። በማደጎ ቤት ከነበሩት ውስጥ ግን 53.8 በመቶ እነሱ ነበሩ። እኛ በወሬ የምንፈራውን እነሱ በየዘመዱ ቤት አይተውታል። ከትምህርት ቤት ሲደወል ስልክ የማያነሳ ወላጅ ካለ በዚህ ዓይን እዩልኝ።

አሁን የሚያስከፋውን ልናገር። በአንድ ትምህርት ቤት አንድ የአራተኛ ክፍል የሐበሻ ልጅ አንዱን የክሪ ልጅ «አባትህ ሰካራም ነው» ብሎታል። አባቱን አይቶት አያውቅም። ከየት አመጣው? የከተማው ባቡር (ኤልአርቲ) ጣቢያ ላይ ስናልፍ እኛ ከምንለው ነው እንጂ ከየትም አይደለም። ልጅ ከቤት የሰማውን ይዞ ይሄዳል። እኛንም እኮ በቆዳችን፣ በእንግሊዝኛችን ሲፈርጁን ያንገበግበናል።

ስለ ጭሱም ልናገር፣ ብዙ ስልክ ስለተደወለልኝ። ትምህርት ቤት ውስጥ በነባር ሕዝቦች ሥርዓት ሴጅ የሚባል ቅጠል ሲጨስ ኮሪደሩ ይሸታል፣ ልጆቻችንም ቤት መጥተው ያወራሉ። ባዕድ አምልኮ ነው ወይ የሚል ጥያቄ መጣ። እኛ እንኳን ዕጣን የማይጨስበት ቤት የለንም! ለእነሱ የጸሎትና የመንጻት ሥርዓት ነው። እኔ በምሠራበት ትምህርት ቤት ማንም አይገደድም፣ ልጄ አይሳተፍ ካላችሁ አይሳተፍም። ግን አፍንጫ እየያዙ መሳቅ ነውር መሆኑን እናንተ ንገሯቸው።

«ምን አገባን» ላላችሁት መልሱ ይኸውና። የአዳሪ ትምህርት ቤቶቹን ታሪክ ያጣራው የእውነትና የእርቅ ኮሚሽን፣ ሟቹ ዳኛ ሙሬይ ሲንክሌር የመሩት፣ በ2015 ዘጠና አራት ጥሪዎች አወጣ። የመጨረሻው፣ 94ኛው፣ ስለ እኛ ስለ ስደተኞቹ ነው፦ የዜግነት መሐላው ይቀየር ይላል። በ2021 ተቀየረ። ከዚያ ወዲህ ዜግነት የወሰደ ሁሉ እጁን አንስቶ ለነባር ሕዝቦች የውል መብት ዕውቅና የሚሰጠውን ሕገ መንግሥት አከብራለሁ ብሎ ምሏል። በእኛ አገር መሐላ ቀልድ አይደለም።

ታዲያ ምን እናድርግ? የልጁን የክፍል ጓደኛ ስም በትክክል ጥሩት፣ እኛም ስማችን ሲሰባበር እንዴት እንደሚሰማን እናውቃለን። ቲሸርት ስትገዙ ገንዘቡ ለነባር ሕዝቦች ማኅበር ከሚደርስበት ቦታ ግዙ። የቅዳሜ የአማርኛ ትምህርታችንን በነፃነት እናካሂዳለን። የክሪ ቋንቋ ክፍል ይከፈት የሚል ጥያቄ በወላጆች ኮሚቴ ሲቀርብ የእኛም እጅ ይነሳ። እስካሁን በኮሚቴው ስብሰባ ላይ ሐበሻ በጣት ነው የሚቆጠረው።

ቀጣዩ ስብሰባ ሐሙስ ማታ ስድስት ተኩል ላይ ነው፣ በፈረንጆቹ ሰዓት። ሐበሻ ሰዓት እንዳትሉኝ። አጀንዳው ላይ የክሪ ክፍሉ አለ፣ ድምፅም ይሰጣል። የስም መመዝገቢያው በሩ አጠገብ ነው፣ አስተርጓሚ የሚፈልግ ከስሙ ጎን ምልክት ያድርግ። ልጅ የሚጠብቅላችሁ ሰው ከሌለ ይዛችሁት ኑ። አሁን ጥያቄ ያለው ይጠይቅ፣ ስለ ፓርኪንግ ብቻ አትጠይቁኝ።