ከትምህርት ቤቱ በፊት ሥራውን ምረጡ

ውድ ወጣቶች፣ አብራችሁ የመጣችሁ ወላጆችም፣ እንደምን ዋላችሁ!

የተጋበዝኩት ውጭ አገር ቢዝነስ ስኩል ስለ መምረጥ እንዳወራ ነው፤ በተለይ ፋይናንስ ውስጥ መሥራት ለሚፈልግ ሰው። ሁሌ የምሰማው ጥያቄ «የትኛው ትምህርት ቤት ይሻላል?» የሚል ነው። እኔም ጥያቄውን በጥያቄ እመልሳለሁ። ምን ሥራ ልትሠሩ ነው? የት አገር? ይሄ ሳይታወቅ የሚሻለው ትምህርት ቤት አይታወቅም።

«ፋይናንስ» ማለት ደግሞ ገና መልስ አይደለም። ኢንቨስትመንት ባንክ ውስጥ ኩባንያ ሲገዛና ሲሸጥ የሚያማክር አለ። የሰው ገንዘብ ተቀብሎ አክሲዮን የሚመርጥ አለ። የብድር ስጋት የሚለካ አለ። አንድ ኩባንያ ውስጥ ሆኖ በጀት የሚይዝ አለ። ቀኑን ሙሉ ኮድ ሲጽፍ የሚውልም አለ። ለዚህ ለመጨረሻው ሰው ኤምቢኤ፣ ማለትም የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ፣ ብዙም አይረባውም፤ የሚያስፈልገው ሒሳብና ፕሮግራሚንግ የበዛበት ማስተርስ ነው። ፕራይቬት ኢኩዊቲ፣ ማለትም ከባለሀብቶች በሰበሰበው ገንዘብ ኩባንያ ገዝቶ አሻሽሎ የሚሸጥ ድርጅት፣ የምትመኙም አላችሁ። እጃችሁን አታውጡ፣ አላፋጥጣችሁም። እነዚያ ድርጅቶች በብዛት የሚወስዱት ኢንቨስትመንት ባንክ ውስጥ የሠለጠነ ሰው ነው። ያለዚያ ልምድ ኤምቢኤ ብቻ ይዞ መግባት በጣም ይከብዳል።

አሁን ወደ ትምህርት ቤቶቹ የደረጃ ሠንጠረዥ ልምጣ፤ አብዛኛው ሰው ጀምሮ የሚጨርሰው እዚያ ነውና። የእንግሊዙ ጋዜጣ ፋይናንሺያል ታይምስ በየዓመቱ የሚያወጣው የኤምቢኤ ደረጃ ትልቅ ክብደት የሚሰጠው ለደመወዝ ነው። ተመራቂው ከ3 ዓመት በኋላ ስንት ያገኛል? ከትምህርቱ በፊት ከነበረው ስንት ጨመረ? ደመወዙ ግን እንዳለ አይቀመጥም፤ በየአገሩ የመግዛት አቅም ይስተካከላል። ስለዚህ ሠንጠረዡ ላይ ያለው ዶላርና ባንክ የሚገባው ዶላር አንድ አይደሉም። የተበደራችሁትን የትምህርት ክፍያ ግን ማንም በመግዛት አቅም አያስተካክልላችሁም።

ሌላም ነገር አለ። ከመረጃው ብዙውን የሚልኩት ትምህርት ቤቶቹ ራሳቸው ናቸው። ፊላደልፊያ ያለው የቴምፕል ዩኒቨርሲቲ ቢዝነስ ስኩል የኦንላይን ኤምቢኤው ዩ ኤስ ኒውስ የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ በሚያወጣው ደረጃ ለተከታታይ ዓመታት 1ኛ ነበር። ሲጣራ የተላከው መረጃ ውሸት ሆኖ ተገኘ። የቀድሞው ዲን እ.ኤ.አ. በ2021 በማጭበርበር ጥፋተኛ ተባሉ፤ በ2022 የ14 ወር እስራት ተፈረደባቸው። ደረጃ አትዩ አልልም። 8ኛውን ከ60ኛው ለመለየት ይጠቅማል። 8ኛውን ከ14ኛው ለመለየት ግን አይጠቅምም፤ እዚያ ላይ እንቅልፍ አትጡ።

ከደረጃው ይልቅ ትምህርት ቤቱ የሚያወጣውን የተመራቂዎች የሥራ ሪፖርት አንብቡ። ሽፋኑ ላይ በትልቁ «90 በመቶ ሥራ አግኝተዋል» ይላል እንበል። ከስንቱ ነው 90 በመቶ? ለምሳሌ 100 ሰው ተመረቀ። 15ቱ ድርጅታቸው ከፍሎ ያስተማራቸው ስለሆኑ ተመለሱ። 10ሩ የራሳቸውን ሥራ ጀመሩ። 5ቱ መልስ አልሰጡም። እነዚህ ሁሉ ከስሌቱ ይወጣሉ፤ 90 በመቶው የሚሰላው ከቀሩት 70 ሰዎች ነው፣ ማለትም 63 ሰው። ከእነሱ ውስጥ ፋይናንስ የገቡት ስንት ናቸው? ደመወዛቸውን የተናገሩትስ? ታች በደቃቁ የተጻፈውን ስትደርሱበት ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል።

አሜሪካ ያሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች ቋሚ የሥራ ፈቃድ ያላቸውንና የሌላቸውን ለይተው ያስቀምጣሉ። የእናንተ መስመር ሁለተኛው ነው። በመጀመሪያው መስመር አትደሰቱ፤ የሰው ነው።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንላለን። የትምህርት ቤት ስም ግን ገበያው ሲቀዘቅዝ ብቻውን አያስቀጥርም። እ.ኤ.አ. በ2024 ከሃርቫርድ ቢዝነስ ስኩል በኤምቢኤ ተመርቀው ሥራ ይፈልጉ ከነበሩት 23 በመቶው ከ3 ወር በኋላም ሥራ አልያዙም ነበር። በ2022 ይሄ ቁጥር 10 በመቶ ነበር። ሃርቫርድ እንዲህ ከሆነ ሌላውን አስቡት።

አሁን የምነግራችሁ ብዙ ሰው ከረፈደ የሚሰማው ነገር ነው፤ የቅጥር ካላንደር። ለንደን ውስጥ ትልልቆቹ ባንኮች ለቀጣዩ ዓመት ማመልከቻ መቀበል የሚጀምሩት ገና ሰመሩ ሳያልቅ ነው። ብዙዎቹ ደግሞ ቦታው እስኪሞላ ነው የሚቀበሉት። የአንድ ዓመት ማስተርስ የሚጀምረው ሴፕቴምበር ላይ ነው። ተማሪው ቤት ሲፈልግ፣ የባንክ ሒሳብ ሲከፍት፣ አውቶቡሱን ሲለምድ ኦክቶበር ይገባል። ተረጋግቶ ሲቪውን ማስተካከል ሲጀምር ግማሹ በር ተዘግቷል። ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ሲቪው፣ የኦንላይን ፈተናው፣ የኢንተርቪው ልምምዱ አውሮፕላን ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ያልቃል።

የትምህርቱ ርዝመትም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። የተለመደው የአሜሪካ ኤምቢኤ 2 ዓመት ነው፤ መሃሉ ላይ የሰመር ኢንተርንሺፕ፣ ማለትም በእረፍቱ ወራት የሚሠራ ጊዜያዊ የልምምድ ሥራ፣ አለው። ባንኮች ደግሞ ቋሚ ሠራተኛ በብዛት የሚወስዱት ኢንተርን ሆኖ ካዩት ሰው ነው። ፈረንሳይ ያለው ኢንሲያድ ኤምቢኤውን በ10 ወር ይጨርሳል። ጃንዋሪ የሚጀምሩት መሃል ላይ ለኢንተርንሺፕ የሚሆን ሰመር ያገኛሉ፤ በሌላው ዙር የሚገቡት ግን አያገኙም። ትምህርት ቤቱ አንድ፣ ዲግሪው አንድ፣ ዕድሉ ግን የተለያየ! ከሌላ ሙያ መጥታችሁ ባንክ ልትገቡ ከሆነ ኢንተርንሺፕ የሌለውን ፕሮግራም ደግማችሁ አስቡበት። ፋይናንስ ውስጥ ኖራችሁ ወደ ላይ መውጣት ብቻ የምትፈልጉ ከሆነ አጭሩ ይበቃችኋል፤ ገንዘብም ይተርፋችኋል።

ፓሪስና ፍራንክፈርት ላይ ደግሞ 6 ወር የሚፈጅ ኢንተርንሺፕ የተለመደ ነው። እዚያ ክፍሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ደንበኛው ግን ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ ነው የሚያወራው። ቋንቋውን ጆሮ ዳባ ልበስ ያለ ሰው ሥራ ሲፈልግ ይቆጨዋል።

ቪዛውን ባጭሩ ላንሳው። አሜሪካ በተማሪ ቪዛ የተመረቀ ሰው በተለምዶ 12 ወር መሥራት ይችላል። ፕሮግራሙ ስቴም (ሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ኢንጂነሪንግና ሒሳብ) ተብሎ ከተመዘገበ ሌላ 24 ወር ይጨመራል። ሁለት ትምህርት ቤቶች ያንኑ «ማስተርስ በፋይናንስ» እያሉ አንዱ ስቴም ሆኖ ሌላው ላይሆን ይችላል፤ በጽሑፍ ጠይቁ። ከዚያ በኋላ ያለው ኤች ዋን ቢ የሚባለው የሥራ ቪዛ ለግል ድርጅቶች በዓመት 85 ሺህ ቦታ ብቻ ነው ያለው። ፈላጊው ስለሚበዛ ዕጣ ውስጥ ይገባል። እንግሊዝ ከምረቃ በኋላ 2 ዓመት ትሰጥ ነበር፤ ከጃንዋሪ 2027 ጀምሮ ለሚያመለክት የማስተርስ ተመራቂ 18 ወር ይሆናል። የሥራ ቪዛ ስፖንሰር የማድረግ ፈቃድ ያላቸው ቀጣሪዎች ዝርዝር በመንግሥቱ ድረ ገጽ ላይ በነጻ አለ። ጀርመን ሥራ መፈለጊያ 18 ወር ትሰጣለች። ሕጉ ቶሎ ቶሎ ይቀየራል፤ ከኤጀንት ሳይሆን ከመንግሥቱ ድረ ገጽ አረጋግጡ።

ወላጆች ስኮላርሺፕን ታነሳላችሁ፤ ትክክል ናችሁ፣ ክፍያው የሰማይ ስባሪ ነው። ግን ውሉን አንብቡ። ለምሳሌ ቼቭኒንግ የሚባለው የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ ወጪውን ችሎ ያስተምራል፤ ስትጨርሱ ግን ቢያንስ ለ2 ዓመት ወደ አገራችሁ መመለስ ግዴታ ነው። አገር ቤት መሥራት ለሚፈልግ ሰው ወርቅ ነው። ለንደን ባንክ ለመግባት ላቀደ ሰው ግን ዕቅዱን ያፈርስበታል። የኢንቨስትመንት ትንተና ብቻ የሚፈልግ ደግሞ ሲኤፍኤ የሚባለውን የኢንቨስትመንት ተንታኞች የሙያ ማረጋገጫ ይመልከት። 3 ፈተና ነው፤ ሥራ ሳይለቁ ይማሩታል፤ ወጪውም ከኤምቢኤ ጋር አይወዳደርም።

አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ሰዎች የሥራ ታሪካቸውን የሚያስቀምጡበት ሊንክድኢን ላይ ግቡና ከመረጣችሁት ትምህርት ቤት ባለፉት 2 ዓመታት የተመረቁ፣ እንደ እናንተው ቪዛ ያስፈለጋቸው ሰዎች ፈልጉ። አጭር መልእክት ላኩ። «እርስዎ የተማሩበት ፕሮግራም ልገባ አስቤ ነበር። ሥራውን ያገኙት በትምህርት ቤቱ በኩል ነው ወይስ በራስዎ? ቪዛውን ስፖንሰር ያደረገውስ ቀጣሪዎ ነው?» በቃ፣ ይሄን ያህል። ሁሉም አይመልስም። የመለሱት ግን ብሮሹሩ ላይ የሌለውን ይነግሯችኋል። ከፈለጋችኋቸው ሰዎች ውስጥ ፋይናንስ የገባ አንድም ሰው ካጣችሁ፣ የማመልከቻ ክፍያውን ገና አትክፈሉ።

እኔ እዚህ ላይ ላቁም፤ ጥያቄ ያለው ማይኩ ይድረሰው። አመሰግናለሁ።