ራሳችን ረድተን ራሳችን አንጠይቅ፦ ለጅማ ሶሻል ወርከሮች ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን የማኅበራችን አባላት፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከአጋሮና ከሰቃ ማልዳችሁ የመጣችሁ በተለይ ምስጋና ይድረሳችሁ። በዓመቱ ሥልጠና ሰጥተናል፤ መጠይቆችን በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ አዘጋጅተናል። ቀሪው በሪፖርቱ ስላለ አልደግመውም።

ዓመቱን ሙሉ ያከራከረን አንድ ጉዳይ ነው፦ ፕሮጀክት ሲገመገም ጠያቂው ማን ይሁን? አንዳንዶቻችን በጀት የለም እያልን ድጋፉን ለሚያድለው ሠራተኛ መጠይቁን አስይዘን እንልካለን። በየወሩ ዱቄትና ዘይት የምትቀበል እናት፣ ስሜን ከመዝገብ ይፍቀዋል ብላ የምትፈራው ሰው «ምን ጎደለሽ?» ሲላት ምን ትመልስ? «አልሐምዱሊላህ፣ ሁሉም ደህና»። ፎርሙ ላይ የጣት አሻራዋ አለ፤ ፈቃዷ ግን የለም። በ1979 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣው፣ በሰዎች ላይ የሚደረግ ምርምር የሚመራበትን ሥነ ምግባር ያስቀመጠው የቤልሞንት ሪፖርት እንኳ ሰው ያለ ግፊት በገዛ ፈቃዱ ይስማማ ብሎ ነበር።

መፍትሔው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ፕሮጀክቶች መረጃ ሰብሳቢ ይለዋወጡ፤ በከተማችን የሄርማታ ሰፈሩ ሠራተኛ ወደ ጊንጆ ሰፈር፣ የጊንጆው ወደ ሄርማታ ይሂድ። ጠያቂው «እምቢ ብትዪ ድጋፍሽ አይቋረጥም» ብሎ ይጀምር፤ የተረዳችውንም በራሷ አንደበት መልሳ እንድትነግረው ያድርግ። መጠይቁ ላይ መለያ ቁጥር ብቻ ይጻፍ፤ ስም ያለበት ዝርዝር ሌላ ቦታ ይቆለፍ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰውን መረጃ በጥንቃቄ መያዝ የሕግ ግዴታም ነው።

አጠናናችንም ቢሆን ከታማኝነት አይለይም። የመነሻ ጥናቱን በሐምሌ፣ የማጠቃለያውን በታኅሣሥ ሠርታችሁ ገቢ አደገ ብትሉ፣ ያሳደገው ፕሮጀክቱ ይሁን የቡና ለቀማው በምን ይታወቃል? በጅማ ይህን ማንም ገበሬ ያውቀዋል! ሁለቱም ጥናት በአንድ ዓይነት ወቅት ይሠራ፤ ለማነጻጸር እንዲያመቸን ድጋፍ ለማግኘት ተራ የሚጠብቁ ቤተሰቦችም አብረው ይጠየቁ። ከቁጠባ ቡድን የወጡት ተፈልገው ካልተጠየቁ ደግሞ ሪፖርታችን የቀናቸውን ብቻ ይቆጥራል።

ይህን ሁሉ ከኪሳቸው ትራንስፖርት እየከፈሉ የሠሩ አባላት እዚህ ተቀምጠዋል፤ እኮራባቸዋለሁ። የሚያሳዝነኝ የመረጃ ሰብሳቢዎች ልውውጡ ረቂቅ ደንብ ምልዓተ ጉባኤ እያጣ እስከ ዛሬ መጓተቱ ነው። አጥብቀው የተቃወሙት ዛሬም አልመጡም። ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ተቃውሟችሁን በስልክ ለየብቻችን ከምትነግሩን መጥታችሁ ተከራከሩን፤ ካሳመናችሁን ረቂቁን እንለውጠዋለን።

ከሻይ እረፍት በኋላ ድምፅ እንሰጣለን። ያልመጣ ባልደረባ ያላችሁ አሁኑኑ ደውሉለት፤ ለድምፅ ይደርሳል።