ዜናውን ማን አሳለፈው?

በቱሉ ዲምቱ፣ ለወጣት ጋዜጠኞች ሥልጠና መዝጊያ የቀረበ ንግግር

እንደምን አረፈዳችሁ። ሁለት ታክሲ ቀይራችሁ ከመሃል ከተማ የመጣችሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ እንኳ ጎረቤት ነኝ፤ ከዚሁ ኮንዶሚኒየም በእግሬ ነው የመጣሁት።

ስለ ጦርነት ዘገባ ተናገር ተብያለሁ። ስለ ሪፖርተሩ ሁለት ቀን ሙሉ ሰምታችኋል። እኔ ስለ አለቃው፣ ዜናውን አይቶ ስለሚያሳልፈው ሰው፣ ላውራ።

ከኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ አንዲት እናት አሉ። ልጃቸው ወታደር ነው። በጦርነቱ ጊዜ ዜና ሲጀምር የቴሌቪዥኑን ድምፅ ይቀንሱታል እንጂ አያጠፉትም። ለምን ስላቸው፣ "ብሰማውም እፈራለሁ፣ ባልሰማውም እፈራለሁ" አሉኝ። ሌላ ቦታ ደግሞ ልጃቸውን ወታደር የገደለባቸው እናት አሉ። እሳቸውም ያንኑ ዜና ነው የሚጠብቁት። የመጀመሪያዋን እናት ላለማስከፋት ብለን ዝም ካልን ሁለተኛዋን በደልን። ሳናጣራ ከወረወርን ደግሞ ሁለቱንም።

እ.ኤ.አ. በ2004 የሆነውን አስታውሳለሁ። ሚያዝያ 28 ቀን ሲቢኤስ የተባለው የአሜሪካ ጣቢያ፣ ኢራቅ ውስጥ በነበረው አቡ ግራይብ እስር ቤት የአሜሪካ ወታደሮች ያሰቃዩዋቸውን እስረኞች ፎቶ አሳየ። እውነት ነበር። እርግጥ ጣቢያው በአሜሪካ ጦር ኤታማዦር ሹም ልመና ሁለት ሳምንት ይዞት ቆይቷል፤ ለእኔ ይኸም ያስጠይቃል። ሦስት ቀን ቆይቶ ዴይሊ ሚረር የተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ የራሱን ፎቶዎች አወጣ፤ የእንግሊዝ ወታደሮች ኢራቃዊ እስረኛ ላይ ሲሸኑ። ያ ሐሰት ሆነ። ፎቶው ላይ ያለው የጭነት መኪና ጭራሽ ኢራቅ ሄዶ አያውቅም። ግንቦት 14 ቀን ዋና አዘጋጁ ፒርስ ሞርጋን ተባረረ፤ ጋዜጣውም በማግስቱ በፊት ገጹ ላይ ይቅርታ ጠየቀ። ልብ በሉ፣ ተላላኪው አይደለም የተባረረው፤ ዋናው ሰውዬ ነው።

የሲኤንኤኑ የኢሰን ጆርዳን ነገር ደግሞ ይለያል። የዜና ክፍሉ የበላይ ኃላፊ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2005 ስዊዘርላንድ፣ ዳቮስ ላይ፣ ለዘገባ ክፍት ባልሆነ ውይይት፣ የአሜሪካ ወታደሮች ኢራቅ ውስጥ ጋዜጠኞችን ዒላማ አድርገዋል የሚል ንግግር አመለጠው። ወዲያው እንደዚያ ማለቴ አይደለም ብሎ ሊያርም ሞከረ። አልተሳካም፤ የካቲት 11 ሥራውን ለቀቀ። ሰውዬው ከባዶ ተነሥቶ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 8 ቀን 2003 የአሜሪካ ታንክ ባግዳድ የሚገኘውን ፍልስጤም ሆቴል መትቶ ሁለት የካሜራ ባለሙያዎችን ገድሏል። ዒላማ አድርጎ ገደለ ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። እኔን የሚያበግነኝ፣ ይህ ሰው ዓለምን ያዳረሰ ጣቢያ በእጁ ነበር። ማስረጃ ካለው ለምን በዜና አላወጣውም? ከሌለውስ ለምን በስብሰባ ተናገረው? በአየር ላይ የማትለውን ክስ ቡና እየጠጣህም አትበለው።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፤ በሰው መፍረድ ቀላል ነው።

በአንድ ጣቢያ ኤዲተር ነበርኩ። የጣቢያውን ስም ተዉት። አንድ ልጅ ከአንዲት ከተማ በስልክ ያገኘውን አመጣ፤ ወታደሮች የእህል መጋዘን ዘረፉ የሚል። ምንጩ አንድ ሰው ነው። ልጁ "ዘረፉ ተባለ" ብሎ ጽፏል። "ተባለ"ን የሰረዝኩት እኔ ነኝ። ርዕሱ እንዲያጥር ነበር! በኋላ ሲጣራ፣ ዘረፋው ተፈጸመ በተባለ ጊዜ ያ ጦር ከተማዋን ከለቀቀ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር። የልጁ ደመወዝ ተቆረጠ። እኔ ስብሰባው ላይ አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። ማስተባበያው ማታ ከስፖርት በኋላ፣ ሰው ቴሌቪዥኑን ሲዘጋ፣ ላፍ ተደርጎ ተነበበ።

አለቃ ይጠየቅ ስል ይታሰር ማለቴ አይደለም። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 በሚዲያ የሚፈጸም ስም ማጥፋትን ከወንጀል አውጥቶ ወደ ፍትሐ ብሔር ወስዶታል፤ ደግ አደረገ። እስር የሚፈራ አለቃ እውነቱንም ይቀብራል። እኔ የምለው ትንሽ ነገር ነው። ወታደርም ሆነ ሌላ ሰው በግፍ የሚከሰስበት ዜና ሲወጣ፣ ያሳለፈው ሰው ስሙን ከስክሪፕቱ ግርጌ ይጻፍ። ከተሳሳተ ማስተባበያውን ራሱ ያንብብ፤ ዜናው በወጣበት ሰዓት፣ በራሱ አፍ። እናንተም ነገ አለቃችሁ "ተባለ"ን ሲሰርዝ፣ "እሺ፣ እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ" በሉት። ይቆጣ ይሆናል። ይቆጣ።

ያን ልጅ አምና ቃሊቲ መናኸሪያ አገኘሁት። ሙያውን ትቷል። ሻይ ጋብዤ ይቅርታ ጠየቅሁት። ብርጭቆውን እያዞረ ቆየና፣ "ጋሼ፣ ይቅርታውስ ለወታደሮቹ ነበር" አለኝ። እነሱን የት ፈልጌ እንደማገኛቸው እስካሁን አላውቅም።

አመሰግናለሁ።