አንድ የዋንዛ ጣውላ

ኃይሉ፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። ዛሬም ከደሴ ነን። የጦሳ ተራራ ጉሙን ተከናንቧል፣ እኛም ቡናችንን ይዘን ተቀምጠናል።

ሰዓዳ፦ አሰላሙ አለይኩም፣ እንዴት ናችሁልን።

ኃይሉ፦ ሰዓዳ ዛሬ የሆነ ነገር በነጠላ ጠቅልላ ይዛ መጥታለች። አሳይኝ ብላት እምቢ አለችኝ።

ሰዓዳ፦ አብሽር፣ ይደርሳል። መጀመሪያ የሚቆጨኝን ነገር ላውራ። ወሎ ሲባል ሰው ቀድሞ የሚያነሣው ዜማ ነው። ባቲ፣ አምባሰል፣ ትዝታ፣ አንቺሆዬ። መንዙማውም አለ። ደስ ይላል፤ ባቲም አምባሰልም የኛው አገር ስም ናቸው። ግን የወሎን ጉሮሮ ስናደንቅ የወሎን እጅ ረሳነው።

ኃይሉ፦ የሚጠርበውን፣ የሚቀርጸውን፣ የሚሥለውን።

ሰዓዳ፦ አዎ! ዘፋኙን በስሙ እንጠራዋለን። ጠራቢውን ማን ይጠራዋል?

ኃይሉ፦ ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ፣ ጌታ የሚባለው ቦታ ያለውን የድንጋይ አንበሳ አስቢው። ከአለት ጠርቦ ያወጣው ማን ነው? ስም የለውም። ወደ ላሊበላም ብትሄጂ ያው ነው። ቤተ ማርያም ከበሩ በላይ ፈረሰኞች ተቀርጸዋል። ቤተ ጎልጎታ ደግሞ የሰው ቁመት ያላቸው ቅዱሳን ከግድግዳው ብቅ ብለዋል። ይሄ በአገራችን ብርቅ ነው።

ሰዓዳ፦ ለምንድነው ብርቅ የሆነው?

ኃይሉ፦ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሰው የሚጸልየው ሥዕል ፊት እንጂ ሐውልት ፊት አይደለም። ጎልጎታ ያሉትም ቢሆኑ ተላቀው የቆሙ አይደሉም፤ ጀርባቸው ከአለቱ ጋር አንድ ነው። ለዚህ ነው የኛ ሰው ጥበቡን ሁሉ ሥዕልና መስቀል ላይ ያፈሰሰው።

ሰዓዳ፦ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምን እንዳትረሳ።

ኃይሉ፦ እሱማ ደጃችን ነው፤ ቢርቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል። የገዳሙ መሪ የነበሩት የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል የተጻፈው በ1273 ዓ.ም. ነው። ዘመናቸው በእርግጠኝነት ከታወቁት የብራና መጻሕፍታችን ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። ሥዕልም አለው።

ሰዓዳ፦ ገዳሙ ሴት አያስገባም፤ እኔ ሥዕሉን ያየሁት በፎቶ ነው። ዓይኖቹ አይረሱኝም። ትልልቅ ናቸው፣ ፊት ለፊት ያዩሃል።

ኃይሉ፦ ዓይን በኛ ሥዕል ትልቅ ነገር ነው። ደግ ሰው ፊት ለፊት ይሣላል፣ ሁለት ዓይኑ ይታያል። ክፉው በጎን ይሣላል፣ አንድ ዓይን ብቻ። ልጅ ሆኜ እናቴ ሥዕሉን እያሳየች የምታስተምረኝ እንደዚያ ነበር። ማንበብ ሳልችል ማን ደግ ማን ክፉ እንደሆነ አውቅ ነበር።

ሰዓዳ፦ ማሻአላህ። ሠዓሊዎቹስ? ስማቸውን የጻፉ የሉም?

ኃይሉ፦ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረውን ፍሬ ጽዮንን ውሰጂ። መነኩሴ ነው። ጣና ላይ፣ ዳጋ እስጢፋኖስ ባለው ሥዕል ላይ ስሙ ስለተጻፈ ዛሬም እናውቀዋለን። አንዲት መስመር ጽሑፍ ከመረሳት አተረፈችው። ሌሎቹ እንደ ወጡ ቀሩ።

ሰዓዳ፦ እኔ ነገሩ ጥንት ብቻ አይመስለኝም። «ባለ እጅ» የሚለውን ቃል ተመልከት። ለምስጋና ነበር መሆን የነበረበት። እኛ ግን ስድብ አደረግነው። ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን ቡዳ እያልን። ዐፄ ምኒልክ እንኳ ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ወጣ፣ ስድቡ ቀረ እንዴ? አልቀረም።

ኃይሉ፦ በ2014 በጦርነቱ ጊዜ ሙዚየማችን ሲዘረፍ ሁላችንም አለቀስን። ማልቀስም ይገባን ነበር። የተዘረፈውን ዓይነት ዕቃ መሥራት የሚችለው ሰው ግን በሕይወት አለ፤ ሱቁን በየቀኑ እናልፈዋለን፣ ቀና ብለን አናየውም።

ሰዓዳ፦ አሁን ነጠላውን ልፍታው። ባለፈው ሳምንት ሸዋ በር አካባቢ አንድ እንጨት ቀራጭ ጋ ሄድኩ። ትልቅ ሰው ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፣ አላስፈቀድኳቸውም። የሄድኩት ለእህቴ ልጅ ሉህ ላሠራ ነው። ቁርአን ሊቀራ ገብቷል።

ኃይሉ፦ ለማያውቁት ሉህ ምን እንደሆነ ንገሪያቸው።

ሰዓዳ፦ ልጆች የሚቀሩበት የእንጨት ሰሌዳ ነው። ከጥላሸት በተሠራ ቀለም ይጻፍበታል። ልጁ ሲሸመድደው ይታጠብና ሌላ ይጻፋል። እና ስደርስ ጋሼ አንድ የዋንዛ ጣውላ ለሁለት ሰንጥቀዋል። ግማሹ ሁለት ክንፍ ያለው፣ የሚከፈትና የሚዘጋ የማርያም ሥዕል ሊሆን ነው። ግማሹ የኔ ሉህ።

ኃይሉ፦ ከአንዱ ጣውላ?

ሰዓዳ፦ ከአንዱ! ወላሂ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። መጀመሪያ በመላጊያ ላጉት። ከዚያ መሮውን በአውራ ጣታቸው ደገፍ አድርገው የሥዕሉ ክንፍ ጠርዝ ላይ ሐረግ ማውጣት ጀመሩ። በእርሳስ እንኳ አልነደፉም። አንዱ ገመድ ከሌላው በታች ይገባል፣ ተመልሶ በላይ ይወጣል። ፍቅፋቂው እንደ ፀጉር እየተጠቀለለ ጉልበታቸው ላይ ይወድቃል። እፍ ይሉታል፣ በጣታቸው ይዳብሱታል፣ ይቀጥላሉ። ከዓይናቸው ይልቅ ጣታቸውን ነው የሚያምኑት።

ኃይሉ፦ ሉሁስ?

ሰዓዳ፦ የሉሁ እጀታ ላይ ያንኑ ሐረግ አወጡልኝ። የሰው መልክ የለበትም፣ ሐረግ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ለኛም ይሆናል። «ለሁለቱም እኩል አይደለም እንዴ የምደክመው» አሉኝ። እንካ፣ ያዘው።

ኃይሉ፦ ኧረ ይሄ... አድማጮች ብታዩት። እጀታው ጣት ውስጥ ገጥሞ ነው የሚቀመጠው። የእንጨቱ ሽታ አሁንም አለ።

ሰዓዳ፦ ሲጨርሱ «ጋሼ፣ ስምዎን ይጻፉበት» አልኳቸው። «ሉህ እኮ ይታጠባል ልጄ፣ ስሜ የት ይቆያል?» አሉኝ። «በቀለም ሳይሆን በቢላ ይቅረጹት» አልኩ። እምቢ አሉ። «ሥራው ይበቃል፣ ስሜ ምን ያደርግልሻል?» አሉ። «ልጁ አድጎ ማን ሠራልኝ ቢለኝ ምን ልበለው?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ ከኪሳቸው ትንሿን ቢላ አወጡ።

ኃይሉ፦ የት ነው? አላየሁትም።

ሰዓዳ፦ በዓይንህ አትፈልገው። ከታች በኩል፣ ጠርዙን በአውራ ጣትህ ዳብሰው።

ኃይሉ፦ ቆይ... አዎ። አገኘሁት።