ጨዋታውን ለልጁ እንተውለት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ልጆቻችሁን ለሰው አደራ ሰጥታችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም አቅፋችሁ እዚህ ስለተገኛችሁ በጣም አመሰግናለሁ። ልጅ ቢያለቅስ አትሳቀቁ፣ ተነስታችሁም አትውጡ። የመጣነው ስለነሱ ልናወራ ነው።

ከወላጆች ጋር ስገናኝ ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ አንድ ነው። "ልጄን ምን ላስተምረው?" ፊደል መቼ ልጀምርለት? ቁጥርስ? የትኛውን አሻንጉሊት ልግዛ? ጥያቄው ከፍቅር የመጣ ስለሆነ አከብረዋለሁ። ግን ዛሬ አንድ ነገር ላስቀድም። ትንሽ ልጅ ሲጫወት እየተማረ ነው። የእኛ ዋናው ሥራ ደግሞ አጠገቡ ቁጭ ብለን እሱ በሄደበት መከተል ነው።

እስቲ አንዲት የሁለት ዓመት ልጅ እንመልከት። ሳፋ ውስጥ ውሃ አለ፣ እጇ ላይ ሁለት ኩባያ። ከትልቁ ወደ ትንሹ ትገለብጣለች። ሞልቶ ይፈሳል። ትክ ብላ ታየዋለች። እንደገና ትቀዳለች፣ እንደገና ይፈሳል። እሷ አልሰለቻትም፣ የሰለቸን እኛ ነን። "እንደሱ አይደለም እናቴ፣ አምጪ እኔ ላሳይሽ" ብለን ኩባያውን ከእጇ እንወስዳለን። እዚያ ላይ ነገሩ ያበቃል። ልጅቷ እኮ ሥራ ላይ ነበረች። የትልቁ ውሃ ለምን ትንሹ ውስጥ አልገባም? ቀስ ብዬ ባፈስስ ምን ይሆናል? ይሄንን ነው በእጇ እየጠየቀች የነበረው። ዝም ብለን ብንጠብቅና ቀና ብላ ስታየን "ሞልቶ ፈሰሰ፣ አየሽ?" ብንላት ግን "ሞላ" እና "ፈሰሰ" የሚሉትን ቃላት ከነገሩ ጋር አንድ ላይ ትይዛቸዋለች።

በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የልጆችን እድገት የሚያጠናው ማዕከል ይህን ምልልስ ከኳስ ቅብብል ጋር ያመሳስለዋል። ሕፃኑ በድምፅ፣ በጣቱ ወይም በዓይኑ ይወረውራል፣ እኛ እንመልስለታለን። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት አንጎል ውስጥ በየሰከንዱ ከ1 ሚሊዮን በላይ አዳዲስ የነርቭ ግንኙነቶች እንደሚፈጠሩ የሚነግረንም ይኸው ማዕከል ነው። እነዚህን ግንኙነቶች የሚያጠነክራቸው ምልልሱ ነው፣ ውድ ዕቃ አያስፈልገውም።

ደግሞ ይሄ አሁን የመጣ ፋሽን እንዳይመስላችሁ። ፍሪድሪክ ፍሮቤል ጀርመን ውስጥ በጨዋታ ላይ የቆመ የትናንሽ ልጆች ማዋያ የከፈተው በ1837 ነው። ጣሊያናዊቷ ሐኪም ማሪያ ሞንቴሶሪ በ1907 ሮም ውስጥ የመጀመሪያውን የሕፃናት ቤቷን ስትከፍት አስተማሪዎቿን አጥብቃ የምታሳስባቸው መጀመሪያ ልጁን እንዲመለከቱ ነበር። በ1989 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 31 ላይ ጨዋታን መብት አድርጎ አስቀምጦታል። ስለዚህ "ዝም ብሎ እኮ ነው የሚጫወተው" ስንል ትንሽ ቆም እንበል።

አሁን ወደ ፊደሉ ጭንቀት ልመለስ፣ ብዙዎቻችሁን እንቅልፍ የሚነሳው እሱ እንደሆነ አውቃለሁና። አንድ የሦስት ወይም የአራት ዓመት ልጅ ዱላ አንስቶ "ፈረሴ ነው" ብሎ ሲጋልብ አይታችኋል። ሩሲያዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ አስቧል። ልጁ ዱላውን እያየ ስለ ፈረስ ማሰብ ችሏል። አንድ ነገር ሌላውን ሊወክል እንደሚችል ገብቶታል። ፊደልስ ቢሆን ድምፅን የሚወክል ምልክት አይደል? እና ዕቃ ዕቃ የሚጫወት፣ ሐኪም ሆኖ አሻንጉሊቱን መርፌ የሚወጋ፣ ባዶ ካርቶን ውስጥ ገብቶ የሚነዳ ልጅ ለንባብ እየተዘጋጀ ነው። እባካችሁ ከካርቶኑ አውጥታችሁ ደብተር ፊት አታስቀምጡት። ይልቅስ ተሳፋሪ ሁኑለት። "ሹፌር፣ ወዴት ነው የምንሄደው?" በሉት፣ ከዚያ እሱ ይጨርሰዋል።

ሥዕል ላይም ያው ነው። ልጅ ወረቀቱን ሞነጫጭሮ ሲያመጣ "ይሄ ምንድን ነው?" ብለን እናፋጥጠዋለን። ምናልባት ምንም አይደለም! እጁን ማሽከርከር ደስ ብሎት ነው። "ሰማያዊውን አበዛኸው፣ እዚህ ጋ ደግሞ ዞረህ ዞረህ መጣህ፣ እስቲ ንገረኝ" ብንለው ይሻላል። ፀሐይዋን አረንጓዴ ቢያደርጋትም ተዉት፣ የፀሐይን ቀለም ያጣዋል ብላችሁ አትስጉ።

ስለ አሻንጉሊት ብዛት አጭር ነገር ልበል። በ2018 የታተመ አንድ ጥናት ትናንሽ ልጆችን አንዴ 4፣ አንዴ ደግሞ 16 አሻንጉሊት ባለበት ክፍል አጫውቶ ነበር። 4 ብቻ ሲሆን በእያንዳንዱ ረዘም ላለ ጊዜና በብዙ ዓይነት መንገድ ተጫወቱ። ስለዚህ ጥቂቱን አውጡ፣ የቀረውን ደብቁና ሌላ ጊዜ ቀያይሩ። ዕድሜው ከሦስት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ግን ትንንሽ ዕቃ አደገኛ ነው፣ ያንቀዋል። በሶፍት ጥቅልል ባዶ እምብርት ውስጥ የሚያልፍ ነገር ሁሉ ከእጁ ይራቅ። ያ የውሃ ጨዋታም ቢሆን ለአፍታ እንኳ ጥላችሁ የምትሄዱበት አይደለም፣ ጥቂት ውሃ ሕፃን ያሰጥማል።

ስክሪንስ? የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ ለአንድ ዓመት ልጅና ከዚያ በታች ላሉት ስክሪን አይመከርም። ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት በቀን ከ1 ሰዓት አይብለጥ፣ ከዚያ ካነሰ ደግሞ የተሻለ ነው። ዋናው ችግር ቪዲዮው ልጁን አለማየቱ ነው። ልጁ ይጠቁማል፣ ይስቃል፣ የሚመልስለት የለም። ሩቅ ካለች አያት ጋር በቪዲዮ መደወል ግን ሌላ ነገር ነው፣ እሷ ትመልስለታለች።

"ጊዜ ከየት ላምጣ?" የሚል ፊት አያለሁ። እውነት ነው፣ ከሥራ ደክሞን ነው የምንገባው። እኔ የምለው ግን ቀኑን ሙሉ ተጫወቱ አይደለም። ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጣችሁ ለአሥር ደቂቃ ወለሉ ላይ ቁጭ በሉ፣ እናትም አባትም። ሌላው በቤት ሥራ መሃል ይገባል። የታጠበ ካልሲ ስታጣጥፉ "የዚህ ጓደኛው የት አለ?" ካላችሁት ልጁ እየለየና እያዛመደ ነው፣ ሒሳብ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ከፍ ያለው ልጅ መጥቶ "ደበረኝ" ሲላችሁም ቶሎ አትደንግጡ። ትንሽ ይደበር። ብዙ ጊዜ ትራሱን ከምሮ የሆነ ነገር መሥራት ይጀምራል።

ከመጨረሴ በፊት አንድ ጉዳይ አለ፣ በጣም ስለማምንበት ነው የማነሳው። ልጁን ተቀምጦ የሚመለከት ወላጅ የሚያሳስብ ነገር ሲኖር ቀድሞ ያያል። ስሙ ሲጠራ ዞር የማይል ከሆነ፣ 18 ወር ሞልቶት ደስ ያለውን ነገር በጣቱ ጠቁሞ የማያሳያችሁ ከሆነ፣ ወይም ይችለው የነበረውን ነገር ከተወ፣ "ያድግበታል" የሚላችሁን ሰው ሰምታችሁ አትቀመጡ። ወደ ጤና ባለሙያ ውሰዱት። ምናልባት ምንም ላይሆን ይችላል። ከሆነ ግን ቶሎ የተጀመረ ድጋፍ ብዙ ይረዳዋል። ስትሄዱም ምን እንደሚጫወትና እንዴት እንደሚጫወት ንገሯቸው፣ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም።

ስለሰማችሁኝ አመሰግናለሁ። ማይኩን ወደ እናንተ ልላከው፣ ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።